የተነጠረ የካምቢዮ ዘይት

መኪናዬ ውሃ የገባባት በበሬ ምክንያት ነው። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል፤ ፎገራን በክረምት ያየ ግን አይስቅም። ርብና ጉማራ ወንዞች ሞልተው ሜዳው ላይ ሲተኙ መንገዱና ማሳው አንድ ይሆናል፤ የውሃውን ልክ የሚያሳይ ከብቱ ብቻ ነው። ሾፌሮቹ ለዚህ ደንብ ነበራቸው። በሬ ሲሻገር ቆመህ ታያለህ፤ ውሃው ከጉልበቱ በታች ከሆነ ትከተለዋለህ፣ ጉልበቱን ካለፈ ሞተር አጥፍተህ ትጠብቃለህ። እኔም በዚያ ነሐሴ አንድ አስተማሪ ለተማሪ ምዝገባ ወደ ሐይቁ ዳር ካለ ትምህርት ቤቱ አድርሼ ስመለስ እንደ ደንቡ ቆሜ አየሁ። በሬው ተሻገረ፣ ጉልበቱ ደረቅ ነበር፣ ተከተልሁት። ደንቡ ዛሬም ትክክል ነው እላለሁ። ጥፋቱ የበሬው ነው፤ የፎገራ በሬ መሆኑ ነው። የፎገራ በሬ ጉልበት የእኔን መኪና በር ያክላል። ደንቡን ያወጡት ለካ የአይሱዙ ሾፌሮች ነበሩ።

መኪናዋ ሃይብሪድ ነበረች፤ በቤንዚንም በባትሪም የምትሄድ። ጊዜው ያለፈው መንግሥት የመጨረሻ ዓመታት ነው፤ አንድ ለአምስት እየተባለ ሰው ለስብሰባ የሚጠራበት፣ ወረታ ውስጥ በየአቅጣጫው የሩዝ መፈልፈያ የሚተከልበት ጊዜ። ከተማው አይሱዙና ባጃጅ ሞልቶት ነበር፤ ሃይብሪድ ግን ከእኔ በቀር የያዘ አላየሁም። ከአዲስ አበባ ስገዛት ሦስት መቶ ሺህ ኪሎ ሜትር አልፋ ነበር። መናኸሪያው በር ላይ ድምፅ ሳታሰማ ስትነሳ፣ አንዳንዱ ሞተሯ እምቢ ብሎኝ የምትንከባለል መስሎት ሊገፋልኝ ይሮጣል። እኔም አላርመውም፤ መስተዋቴን አስተካክዬ እሄዳለሁ።

ሥራዬ ኮንትራት ነበር። ወረታ ባሕር ዳር፣ ወረታ አንበሳሜ፣ ሲመቸኝ እስከ ጎንደር። ከዚያ በፊት ከባሌ ጋር ከተለያየሁ ጀምሮ በታላቅ ወንድሜ የሩዝ መጋዘን ሚዛን ላይ ነበር የምቀመጠው። መጥፎ ሥራ አልነበረም። ነገር ግን ቀኑን ሙሉ የሰው ጆንያ ሲመጣና ሲሄድ እያየሁ እኔ ከዚያች በርጩማ ንቅንቅ አልልም፤ ይህ ያንገበግበኝ ነበር። ባሕር ዳር እየተመላለስሁ መንጃ ፈቃድ አወጣሁ። አባታችን ሲሞት ከብቱን ተካፈልን፤ እናቴ ድርሻዋን ከእኔ ድርሻ ጋር ደመረችና መኪናዋን ገዛን። ለምን እንደ ደመረች ያን ጊዜ አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ወንድሜ ክፉ ሰው አይደለም። አይሱዙ አለው፣ መንገድን ያውቃል፣ የሚፈራውም ስለሚያውቅ ነው። ግን እኛ ቤት አባት ከሞተ በኋላ ቃሉ የታላቅ ወንድም ነው፤ እናቴም ብትሆን ሰው ፊት የእሱን ቃል አታጥፍም፤ ያን ማድረግ የሞተውን መድፈር ነው ብላ ታምናለች። መኪናዋ የመጣች ቀን ወንድሜ ግቢው መካከል ቆሞ "አንድ ቀን መንገድ ላይ ካስቀረችሽ ትሸጣለች፤ አንችም ወደ ሚዛንሽ ትመለሻለሽ" አለኝ። እኔም "እሽ" አልሁ። እሽ ያልሁት አታስቀረኝም ብዬ ስለማምን ነው። እሽ ካልሁ ደግሞ አልሁ ነው፤ ቃሌን አጥፌ አላውቅም።

የዚያን ቀን ውሃው በሩን አልፎ እግሬ ሥር ሲመጣ እንኳ አላቆምሁም፤ ማቆም ነው የሚገድለው። ተሻገርሁ። ወረታም በራሴ ገባሁ። በማግስቱ ጠዋት ግን ከፊት ከሥሯ ከዚህ በፊት ያልሰማሁት ቀጭን ጩኸት ጀመረች፤ ፊት ለፊቴ ያለው ቀይ መብራትም በራ። ገና የመናኸሪያውን አስፋልት ሳልይዝ ቆመች። እንግዲህ መንገድ ላይ አስቀረችኝ። የወንድሜ አይሱዙ ነው በገመድ ጎትቶ ግቢያችን ያስገባት። ገመዱን ጠቅልሎ ወደ መጋዘኑ ሄደ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

መካኒኩ ከጎንደር ከተማ መጥቶ ወረታ የቀረ፣ ትራክተርና የሩዝ መፈልፈያ ሞተር ሲጠግን የኖረ ጎልማሳ ነው። ግቢያችን መጥቶ መከለያዋን ከፍቶ ሲያይ ቆየና "ይችን ዓይነት ነክቸ አላውቅም" አለኝ።

"እኔ አውቃታለሁ። አንተ የማዝህን ቡሎን ፍታ" አልሁት።

ጉራ አልነበረም። መኪናዋን የሸጠልኝ የአዲስ አበባ ሾፌር ቁልፉን ሲያስረክበኝ አስጠንቅቆኛል። ሞተሯን አትፍሪ፣ ካምቢዮዋን ፍሪ፤ የሌላ መኪና ካምቢዮ ብረት ብቻ ነው፣ የእሷ ግን ኤሌክትሪክ ሞተሮቹ ዘይቱ ውስጥ ነው የተነከሩት፤ ከራሷ ዘይት በቀር አንድ ጠብታ እንዳታስገቢባት፣ ውሃማ ከነካት አለቀላት ብሎኛል። ይህን ሁሉ ለመካኒኩ ነገርሁት። አንገቱን ነቀነቀና በክሪክ አነሳት፣ በድንጋይ አስደገፋት፣ ከሥር ገብቶ የማፍሰሻውን ቡሎን ፈታ።

ከካምቢዮዋ የወረደው ዘይት አልመሰለኝም። ንጹሑ ቀይ ነው፤ የቆየው ይጠቁራል። ይህ ግን የወተት ሻይ መስሎ ሳፋው ላይ ተንዠቀዠቀ። በሁለት ጣቴ መካከል አሸሁት፤ ይንሸራተታል፣ ግን ውሃ ውሃ ይላል። መካኒኩ "በመተንፈሻዋ ቀዳዳ ገብቶ ነው" አለ። ጎርፉ ውስጥ ያልፈራሁት እዚያች ሳፋ ፊት ፈራሁ።

እናቴ በሩ ላይ ተቀምጣ ሩዝ እየለቀመች ታየን ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ ቅቤ ነግዳለች፤ ከየገጠሩ ሰብስባ ይፋግ ገበያ የምታወጣ፣ ስንጥር ቅቤው ውስጥ ሰዳ በማሽተት ብቻ መሃሉ ላይ የተደበቀውን ማጭበርበር የምታወጣ ሴት ናት። መጥታ ሳፋው ላይ ጎንበስ አለች።

"ውሃ ገብቶበታል" አለች።

"አዎ እምየ።"

"ታዲያ ይነጠራላ።"

ሳልወድ ሳቅሁ። መካኒኩም ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም። ወደ ሩዟ ተመለሰች።

ወንድሜ ከመጋዘኑ አንድ ጄሪካን የአይሱዙ ካምቢዮ ዘይት አምጥቶ "ዘይት ዘይት ነው፣ ይሄን ሙሉባት" አለ። እልህ አናቴ ላይ ወጣ። ጄሪካኑን አንስቼ መልሼ እሱ እግር ሥር አስቀመጥሁለትና "ጋሼ፣ ይህ ከገባባትስ ለመሸጥም አትሆንህ" አልሁት። እሷ ቃል ናት ወንድሜን ያቆመችው። ያኔ የነገረኝ ነገር ደግሞ እኔንም አቆመኝ፤ ባሕር ዳር ላለ መኪና ነጋዴ ደውሎለት ኖሯል። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሊያያት ይመጣል።

በማግስቱ ባሕር ዳር ወረድሁ። በራሴ መኪና ሳይሆን በሚኒባስ፣ ሾፌር ሆኜ ሳይሆን ሦስተኛ ወንበር ላይ ተጣብቄ፤ ውርደቱ ከዘይቱ ፍለጋ ይብስ ነበር። ከሱቅ ሱቅ ስዞር ዋልሁ። "ይህም ያው ነው" የሚሉኝን ሁሉ ጥዬ ወጣሁ። በመጨረሻ አንድ ሱቅ ከመደርደሪያው ጥግ ትክክለኛውን አገኘሁ፤ የአንድ አንድ ሊትር አራት ዕቃ። ባለሱቁን ሌላ አለህ ብለው የለኝም አለ። መኪናዋን አንድ ጊዜ ለመሙላት ይበቃል፣ ከዚያ የሚተርፍ የለም። ደረቴ ላይ አቅፌ ተመለስሁ።

ግቢያችን በር ሳልደርስ አንድ ሽታ ተቀበለኝ። የተቃጠለ ጎማም አይደል፣ የተቃጠለ ምግብም አይደል። ገባሁ። እናቴ ከቤቱ ራቅ አድርጋ፣ ግቢው ጫፍ ላይ፣ በሦስት ድንጋይ መካከል ለስለስ ያለ ፍም አድርጋ አንድ የተሰነጠቀ ብረት ድስት ጥዳለች። በረጅም እንጨት ታማስላለች። ጎረቤቶች አፍንጫቸውን በነጠላ ይዘው ዙሪያዋን ቆመዋል። ሳፋው ባዶ ነው።

"እምየ! ምን እያደረግሽ ነው?"

"ያየሽውን።"

"ይህ እኮ ቅቤ አይደለም! ቢቃጠልስ? ቤቱ ቢያያዝስ?"

"ቅቤም ይቃጠላል። አቃጥየ አውቃለሁ?" አለችና ማማሰሏን ቀጠለች። "ስሚው እስቲ። ጠዋት ሲንጣጣ ነበር። ውሃው ነው የሚጮህ። አሁን ጸጥ ብሏል። ጸጥ ሲል ጠርቷል ማለት ነው።"

ጮህሁባት። እናቴ ላይ ጮህሁ። ወንድሜ ሊሸጥብኝ ነጋዴ ጠርቷል፣ አንች ደግሞ ሰፈሩን ሰብስበሽ መሳቂያ ታደርጊኛለሽ አልኋት። እሷ ግን ድስቱን አወጣች፣ ከነክዳኑ ጥላ ሥር አስቀመጠችና እጇን ልትታጠብ ገባች።

ቀዝቅዞ ሲከፈት ጠርቷል። ቀይነቱ ጠፍቶ ወደ ጥቁር ቡና ቢያደላም፣ ያ ወተት የመሰለው ነገር የለም፤ የድስቱን ታች ያሳያል።

መካኒኩ በማግስቱ መጣ። አራቱን ዕቃ ዘይት ሳሳየው ከመደሰት ይልቅ ራሱን አከከ። "እህቴ፣ ችግር አለ። ውስጧ ግድግዳው ላይ የቀረ ውሃ አለ። አዲሱን አሁን ብናስገባው እሱም ይነጣል። መጀመሪያ በሌላ ዘይት መለቅለቅ አለባት፣ ያ ከፈሰሰ በኋላ ነው ይኸ የሚገባ። መለቅለቂያው ደግሞ የራሷ ዓይነት መሆን አለበት ካልሽ..." አለና እጁን ዘረጋ። ከየት ይመጣል ማለቱ ነው።

እናቴ ከቤት ድስቷን ተሸክማ ወጣች። ፊቱ አኖረችለት። "የወተት ዕቃም ትኩስ ከመቅዳትሽ በፊት በጥቂት ወተት ይለቀለቃል" አለች፤ ለእሱ አልነበረም የተናገረችው፣ ለእኔ ነው።

መካኒኩ አሁን አልሳቀም። ቁራጭ ብረት እሳት ላይ አግሎ ከድስቱ ጥቂት ጠብ አደረገበት። ውሃ ቢኖርበት ይንጣጣ ነበር። ተነነ፣ ሽታው ወጣ፣ ድምፅ ግን አላሰማም። ሁለተኛ ሞከረ። ከዚያ ቀና ብሎ እናቴን አያትና "እናቴ፣ ለመለቅለቂያ ይሆናል። ከዚያ አልፎ እንዲቀር ግን አልፈቅድም፤ እሳት ያየ ነው" አላት።

"እንዲቀር ማን አለህ?" አለችው።

በነጠላ አጠለለችለት፤ አሮጌ ነጠላዋን በዚያ ምክንያት ገደለችው። መካኒኩ ከላስቲክ ጠርሙስ አንገት ማፍሰሻ ሠርቶ፣ ቱቦ ቀጥሎ፣ ከሥሯ ጎን ባለው ቀዳዳ ሞላባት። ጎማዎቿ ከመሬት እንደ ተነሱ እኔ ገብቼ ቀስ አድርጌ አሽከረከርኋቸው፤ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ እንደገና ወደ ፊት። ቡሎኑ ሲፈታ የፈሰሰው ትንሽ ደፍርሷል። የቀረውን ውሃ ይዞት ወጣ። ጨርሶ እስኪንጠባጠብ ጠበቅን፤ ጠብታው እስኪቆም ማንም እንዲነካት አልፈቀድሁም። ከዚያ አዲሱን፣ ያን ደረቴ ላይ አቅፌ ያመጣሁትን ቀይ ዘይት፣ በራሴ እጅ ሞላሁ። በቀዳዳው ተመልሶ ቀጭን ሆኖ መፍሰስ ሲጀምር ሞላ ማለት ነው፤ ደፈንነው።

ወንድሜን አጠገቤ አስቀምጬ እስከ ርብ ድልድይ ነዳኋት። መብራቱ ጠፍቷል፣ ጩኸቱ የለም። እንደ ልማዷ ድምፅ ሳታሰማ ነው የሄደች። ከእኔ ይልቅ እሱ ጆሮውን አቁሞ ያዳምጥ ነበር። እኔ ማዳመጥ አላስፈለገኝም፤ መሪው ላይ እጄ ነግሮኛል። ስንመለስ "ጎበዝ ነሽ" አለኝ። ቀጠለና "ጥሩ ሆነች። እንግዲህ በደህና ዋጋ ትሄዳለች" አለ።

ይህን አላሰብሁትም ነበር። እኔ ያዳንኋት ለእኔ መስሎኝ ነበር። ለካ ያማረች ሸቀጥ ነው ያደረግሁለት። መሪውን እንደ ያዝሁ ግቢው ውስጥ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። ላለቅስ ነበር፤ አላለቀስሁም፣ ንዴቱ ይበልጥ ስለነበር። መንገድ ላይ አስቀርታኛለች፣ እኔም እሽ ብያለሁ።

እሑድ ነጋዴው መጣ። ጨዋ፣ የሱፉን ቁልፍ ያልፈታ፣ መኪና የሚያውቅ ሰው ነው። ዞራት፣ መከለያዋን ከፈተ፣ ሥሯን ጎንበስ ብሎ አየ፣ እስከ መናኸሪያው ነድቷት ተመለሰ። ፊቱ በርቷል። እኔ ቁልፏን ካስረከብሁ በኋላ ግድግዳው ተደግፌ ቆሜ ነበር። እናቴ በሩ ላይ ሩዟን ትለቅማለች።

"ኪሎ ሜትሯ ከፍ ብሏል" አለ ነጋዴው።

"ካምቢዮዋ ገና አዲስ ዘይት ነው የተደረገላት" አለ ወንድሜ።

"ጥሩ ነው። ማን ቀየረው?"

እናቴ ከሰፌዷ ቀና ሳትል "የቀየረውስ መካኒኩ ነው። ያነጠርሁት ግን እኔ ነኝ" አለች።

ነጋዴው ዞረ። "ምን አሉኝ እናቴ?"

"ዘይቱን ነዋ። ውሃ ገብቶበት ነጥቶ ነበር። በድስት ጥጄ አነጠርሁት። ሲንጣጣ ቆይቶ ጠራ፣ በነጠላየ አጥልየ ሰጠኋቸው፣ መልሰው አስገቡት። ኮሰረት ብቻ ነው ያልጨመርሁበት።"

ነጋዴው መጀመሪያ ቀልድ መስሎት ፈገግ አለ። ከዚያ ጥላው ሥር የተደፋውን የጠቆረ ድስት አየ። ወንድሜ ቶሎ ብሎ "አይ፣ አይደለም፣ እሱ ለመለቅለቂያ ብቻ ነው፣ ከውሃው በኋላ..." አለና ቆመ።

"ከየትኛው ውሃ በኋላ?" አለ ነጋዴው።

ወንድሜ ስለ ጎርፉ ገና አልነገረውም ነበር። ሊነግረው ያስብ እንደ ሆነ እስከ ዛሬ አልጠየቅሁትም። አሁን ቢያስረዳም የሚያስረዳው ነገር ሁሉ ይብስ ነበር። ነጋዴው ቁልፏን በጨዋነት ለእናቴ ዘርግቶ ሰጣት፤ "አስቤበት እደውላለሁ" ብሎ፣ እጅ ነስቶ ሄደ። እንዳልደወለ መናገር አያስፈልገኝም።

ወንድሜ እናታችን ፊት ቆመ። "እምየ፣ ምን ነካሽ?"

"ዋሸሁ?"

ትንሽ አሰበ። "አልዋሸሽም።"

"ቃልህንስ አጠፍሁ? አይሸጥ አልሁ?"

"አላልሽም።"

"እንግዲያስ።"

ወደ መጋዘኑ ሄደ። ጀርባውን ነበር የማየው፤ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ሳቅ ይሁን ብስጭት አልለየሁም። ምሳ ላይ ሲመለስ ግን ስለ ሽያጭ አላነሳም፤ በልቶ ሲነሳ "በክረምት ሜዳውን ሳትነግሪኝ እንዳታቋርጭ" አለኝ፣ በዚያው ቀረ።

እናቴ አጠገብ ሄጄ ተቀመጥሁ። ድስቱ ላይ የጮህሁባት ትዝ ብሎኝ አፍሬያለሁ። ለምን እንዲህ አደረግሽ አልኋት። ሰፌዷን አስቀመጠች።

"ይፋግ ቅቤ ተሸክሜ በእግሬ ስመላለስ ገበያው የማን ሚስት ናት ይል ነበር። የእገሌ ይባላል። በኋላ የማን እናት ናት አሉ። የባለ አይሱዙው። ካለፈው ጥቅምት ወዲህ ምን እንደሚሉ ታውቂያለሽ? የሾፌሯ እናት። ከብቴን የሰጠሁት ለዚህ ነው ልጀ። ይህን አልሸጥም።"

ለይፋግ ገበያ ቀን ቅቤዋን ከኋላ ጭኜ ከፊት አስቀመጥኋት። ከዚያ በፊት ሁልጊዜ ከኋላ ነበር የምትቀመጠው፤ አንድም ቀን ነይ ከፊት ብዬ ጠይቄያት አላውቅም። ገበያው መግቢያ ስንደርስ መስኮቱን እስከ ታች እንዳወርድላት ጠየቀችኝ፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ ክንዷን አወጣች። ሰው ግራና ቀኝ ይከፈትልናል። ልማዴ ነውና ፍጥነት ልጨምር ስል እጇን ጉልበቴ ላይ አሳረፈች።

"ቀስ በይ" አለችኝ። "ምን ያስቸኩልሻል፣ ይዩን እንጅ።"